ዴልሂ ገበያ በአስጎብኚ መውጣት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «እናቴን ለልብ ሕክምና ይዤ ዴልሂ ነው ያለሁት። ላጅፓት ናጋር የሚባል ሰፈር የእንግዳ ማረፊያ ተከራይተናል። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልፏል፤ ሐኪሙ ግን ለክትትል እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆዩ ብሎናል። እህቴ በጥር ታገባለች። የሚዜዎች ጨርቅ፣ ለካባ የሚሆን የወርቅ ጥብጣብ፣ ትንሽ ወርቅና ቅመም ይዤ ብገባ ብዬ አስቤያለሁ። ማረፊያችን አካባቢ የማይጠፋ አንድ ልጅ በ10 ዶላር ሙሉ ቀን በመኪና ቻንድኒ ቾክንና ሌሎች የድሮ ገበያዎችን አስጎብኝቶኝ፣ ‹የመንግሥት ሱቅ› ወስዶ በጅምላ ዋጋ እንደሚያስገዛኝ ነግሮኛል። እናቴንም አየር እንድታገኝ ይዣት ብወጣ ደስ ይለኛል። ከእሱ ጋር ልውጣ ወይስ በራሴ ልሞክር? መርካቶ ተከራክሬ መግዛት አያቅተኝም።»

ምላሽ፦

ከዚህ ልጅ ጋር አትውጪ። አስጎብኚ መያዝ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ይሄኛው አስጎብኚ ሳይሆን ደላላ ስለሆነ ነው። መኪና፣ ነዳጅና የአንድ ሰው ሙሉ ቀን በ10 ዶላር አይሸፈንም። ቀሪውን የሚከፍለው የሚወስድሽ ሱቅ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ከአንቺ ይቀበላል።

አሠራሩ ለዓመታት የታወቀ ነው። ሰውየው በር ድረስ ያደርስሻል፣ ራሱ ሻይ ይዞ ጥግ ይቀመጣል፣ አንቺ ስትጨርሺ ድርሻው ይታሰባል። ድርሻው ከመጀመሪያው ዋጋው ላይ ተጭኗል። ስለዚህ የፈለግሽውን ያህል ብትከራከሪ የምትከራከሪው የእሱ ኮሚሽን ከተደመረበት ዋጋ ላይ ነው። ምንጣፍ፣ ሐር፣ የከበረ ድንጋይና የእብነ በረድ ሥራ ላይ ድርሻው ጠቀም ያለ ነው። የባጃጅና የሪክሾ ነጂዎችም በዚሁ ይሠራሉ። ጃይፑርና አግራ በሚባሉት ከተሞች ቱሪስት እያደኑ ሱቅ የሚያስገቡትን «ላፕካ» ይሏቸዋል። ሁሉም አጭበርባሪ ናቸው ማለቴ አይደለም። እንጀራቸው ይሄ ነው። አንቺን በርካሽ ማስገዛት ግን ሥራቸው አይደለም፤ እንዲያውም ውድ በገዛሽ ቁጥር እነሱ ያገኛሉ።

መኪና ማለቱ ራሱ ያጋልጠዋል። የቻንድኒ ቾክ ዋና መንገድ ታድሶ ከተከፈተበት ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታው 3 ሰዓት ሞተር ያለው ተሽከርካሪ አይገባበትም። በእግር ወይም በፔዳል ሪክሾ ነው የሚኬደው። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ የሚገቡት ጉራንጉሮች ደግሞ እንኳን መኪና ሁለት ሰው ጎን ለጎን በግድ ነው የሚያሳልፉት። በመኪና ገበያ ለገበያ አዞርሻለሁ የሚል ሰው የሚወስድሽ መኪና ማቆሚያ ያለው፣ ባለ አየር ማቀዝቀዣ፣ ባለ ፎቅ ሱቅ ነው። እንዲህ ያለው ሱቅ ዴልሂ ሞልቷል። የአገሬው ሰው ግን አይገዛበትም።

ስለ «የመንግሥት ሱቅ» ደግሞ ላስተካክልልሽ። የመንግሥት ሱቅ እውነት አለ። ትልቁ ጃንፓት መንገድ ላይ ጃዋሃር ቪያፓር ባዋን የተባለው ሕንፃ ውስጥ ያለው ሴንትራል ኮቴጅ ኢንዱስትሪስ ኢምፖሪየም ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ባባ ካራክ ሲንግ መንገድ ላይ የየክልሎቹ መንግሥታት ሱቆች ተደርድረዋል። በሁለቱም ቦታ ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ክርክር የለም። ችግሩ «ኮቴጅ ኢምፖሪየም» የሚለውን ስም የግል ሱቆችም በሰፊው ይለጥፉታል። «በመንግሥት የተፈቀደ» የሚል ጽሑፍም በየበሩ ታገኛለሽ። ማንኛውም ሱቅ ፈቃድ ስለሚያስፈልገው ጽሑፉ ምንም አይነግርሽም። እውነተኛው የመንግሥት ሱቅ ደግሞ የጅምላ ዋጋ አይሰጥም። እንዲያውም ከገበያው ወደድ ይላል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ታዲያ አስጎብኚ ለምን ይጠቅማል? ለመግዛት ሳይሆን ገበያውን ለማወቅ። ቻንድኒ ቾክን የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ናት በ1650 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያስቀየሰችው። ሰው አንድ ገበያ አድርጎ ይጠራዋል እንጂ ልክ እንደ መርካቶ በተራ በተራ የተከፈለ ሰፈር ነው። በቀይ ምሽጉ (ላል ኪላ) በኩል ስትገቢ በግራ ዳሪባ ካላን አለ፤ የብርና የጌጣጌጥ፣ የሽቶ ዘይትም ተራ ነው። ከዳሪባ ውስጥ ኪናሪ ባዛር ይከፈታል። አንቺ የምትፈልጊው የወርቅ ጥብጣብ፣ ዶቃ፣ ፈርጥ፣ የሠርግ ማስዋቢያ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ናይ ሳራክ መጻሕፍትና ሳሪ፣ ባሊማራን መነጽርና ጫማ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘሽ ከፋቴፑሪ መስጊድ ጀርባ ካሪ ባዎሊን ታገኛለሽ፤ የእስያ ትልቁ የቅመም ጅምላ ገበያ እየተባለ የሚጠራው ይሄ ነው።

በየመካከሉ «ካትራ» የሚባሉ ግቢዎች አሉ። ከውጭ ስታዪው ጨለማ ደረጃ ነው። ላይ ስትወጪ ነጭ አንሶላ የለበሰ ፍራሽ ላይ ጫማ አውልቀሽ የምትቀመጪበት የጨርቅ ሱቅ ይጠብቅሻል። እንዲህ ያለውን ቦታ ለብቻሽ አታገኚውም። ብታገኚውም ገብተሽ አትጠይቂም። ጥሩ አስጎብኚ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው ተራ ምን እንዳለው፣ የቱ ሱቅ ለችርቻሮ እንደሚሸጥ፣ የቱ ጋ ፍራሽ ላይ መቀመጥ እንደሚቻል በሦስት አራት ሰዓት ያሳይሻል። ሌላው ቀርቶ ንጹሕ ሽንት ቤት ያለበትን ያውቃል፣ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ምክሬ ይሄ ነው። ከኪስሽ የምትከፍይው፣ ከሱቅ ምንም የማይቀበል አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ያዢ። በዚያ ቀን ምንም አትግዢ። ከዚያ በሌላ ቀን ብቻሽን ተመልሰሽ ግዢ። ይሄን ገንዘብ ማባከን የሚመስላቸው አሉ። ግን ገዢ እንዳልሆንሽ የሚያውቅ አስጎብኚ ገበያውን ነው የሚያሳይሽ፣ ሱቅ አይደለም። ሻጩም ብቻሽን ስትመለሺ የማንንም ድርሻ አይደምርብሽም።

ትክክለኛውን ሰው እንዴት ታገኛለሽ? የሕንድ ቱሪዝም ሚኒስቴር ለአስጎብኚዎች ፈቃድና የፎቶ መታወቂያ ይሰጣል። መታወቂያውን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም። ግን መታወቂያ መያዙ ኮሚሽን አይቀበልም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትርጊ። ከመስማማታችሁ በፊት በጽሑፍ፣ በዋትስአፕም ቢሆን፣ «ካልጠየቅኩህ በስተቀር ሱቅ አታስገባኝም፤ ከሱቅም ገንዘብ አትቀበልም» በይና መልሱን ጠብቂ። የሚነጫነጭ ወይም «አንድ ሱቅ ብቻ፣ ለማየት ብቻ» የሚል ከሆነ ተይው። «ነፃ ጉብኝት» የሚሉትን ደግሞ ጭራሽ አትንኪ። ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ገበያ ውስጥ ከፋይ አለው።

ከጉብኝቱ በፊት ግን አንድ ግማሽ ቀን ለዋጋ ጥናት ስጪ። የመንግሥቱ ሱቅ ጥቅም እዚህ ይመጣል። ሐር፣ ሻሽ፣ የእጅ ሥራ እዚያ በቁርጥ ዋጋ ተለጥፏል። የወደድሽውን በስልክሽ አንሺና ዋጋውን ያዢ። ገበያው ውስጥ ጥራቱ ተመሳሳይ ሆኖ ከዚያ በላይ የሚጠይቅሽ ሰው እንደሚቀልድብሽ ታውቂያለሽ። አጋጣሚ ሆኖ ላጅፓት ናጋር ለዚህ የተመቸ ነው። ሐምራዊው የሜትሮ መስመር ጃንፓት ያወርድሻል። ያው መስመር ሳትቀይሪ ላል ኪላ ድረስ ይወስድሻል፤ ያ ማለት የቻንድኒ ቾክ አፍ ነው። ከፊት ያለው የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተከለለ ነው፤ እሱ ላይ ግቢ።

ቀን አመራረጥ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። የድሮዋ ዴልሂ እሁድ ትዘጋለች። ላጅፓት ናጋር፣ ካሮል ባግና ሳሮጂኒ ናጋር ደግሞ የሚያርፉት ሰኞ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ብትደርሺ አብዛኛው ሱቅ ገና ነው። ኅዳር የሠርግ ወቅት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ኪናሪ ባዛር መተላለፊያ የለውም፤ እንደተከፈተ መግባት ይሻላል። መንገድ ላይ ማንም «ገበያው ዛሬ ዝግ ነው፣ ሌላ ልውሰድሽ» ቢልሽ ደግሞ አትመኚ። ቀኑን አስቀድመሽ አጣሪ፤ ይሄ ወሬ ከጥንት የነበረ ማጥመጃ ነው።

መርካቶ መከራከር አይከብደኝም ብለሻል። ይጠቅምሻል፣ ግን ሁሉም ቦታ አይደለም። የጃንፓትና የላጅፓት ናጋር የመንገድ ዳር ሻጭ ጋ ከተጠራው ግማሽ መጀመር የተለመደ ነው። ኪናሪ ባዛር ግን ሻጩ በትንሽ ትርፍ ብዙ የሚሸጥ ነው። ግማሹን ብትጠሪለት ፊቱን አዙሮ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ይሄዳል። እዚያ ዋጋ የሚያስቀንሰው ብዛት ነው። የታሸገ ዕቃ ላይ ደግሞ ክርክሩ በሕግ አልቋል። ሳሙናም ሻይም ዘይትም ማሸጊያው ላይ «ኤም አር ፒ» ተብሎ ግብሩን ጨምሮ ጣሪያ ዋጋ ታትሟል፤ ከዚያ በላይ መሸጥ ክልክል ነው። ጅምላ የሚሉት ነገርም የራሱ ወግ አለው። እውነተኛ ጅምላ ሻጭ በደርዘን ወይም በሙሉ ጥቅል ነው የሚሰጥሽ። አንድ ሳሪ በጅምላ ዋጋ የሚባል ነገር ለፈረንጅም ለሐበሻም የተዘጋጀ ተረት ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ጨርቁ ላይ ጠንቀቅ በይ። የሚዜዎቹን ሁሉ ከአንድ ጥቅል አስቆርጪ። በሌላ ቀን ተመልሰሽ «ያንኑ ቀለም» ብትይ ከሌላ ማቅለሚያ የወጣ ይሰጥሽና ፎቶ ላይ ይለያል። ስፋቱንም ጠይቂ። ብዙ የሕንድ ጨርቅ ስፋቱ 112 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ሰፊ በ150 አስባ ሜትር ከነገረችሽ ጉድ ትሆኛለሽ፣ ቀድመሽ ደውዪላት። ሐር ነው ሲሉሽ «ሲልክ ማርክ» የሚለውን መለያ ፈልጊ። ከሌለ ከጠርዙ አንድ ክር ይምዘዙልሽና ይለኮስ። ሐር እንደ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቶሻል። ሻሽ በቀለበት ውስጥ አሳልፈው «ፓሽሚና» (ስስ የፍየል ሱፍ) ነው ቢሉሽ ግን አትገረሚ፤ ስስ የሆነ ሁሉ ያልፋል። «ሻቱሽ» የሚባለውን ጭራሽ አትንኪ። በሕግ ከሚጠበቅ የዱር እንስሳ የሚሠራ ነው፣ መያዙም ወንጀል ነው።

የካባው ጥብጣብ በጥቅል ይሸጣል። ጥቅሉ ስንት ሜትር እንደሆነ ሳትጠይቂ ዋጋ አታወዳድሪ። ውስጡ መዳብ የሆነው ዓይነት እርጥበት ሲያገኘው ይጠቁራል። ካባው ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ ግድ የለም። ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ከፍ ያለውን ግዢ።

ወርቅ ሕንድ ይረክሳል የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አይገባኝም። አገሪቱ ወርቋን በአብዛኛው ከውጭ ነው የምታስገባው። የማስገቢያ ቀረጡ በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ከ15 ወደ 6 በመቶ ሲወርድ ትልቅ ዜና ነበር። በዚያ ላይ የሽያጭ ግብር አለ፣ የእጅ ዋጋም አለ። ሱቆች የሚለያዩት የእጅ ዋጋው ላይ ስለሆነ የምትከራከሪውም እሱ ላይ ነው። የሥራውን ውበት ወደሽው ከሆነ ግዢ፤ ለትርፍ ከሆነ ተይው። ከገዛሽ ግን 22 ካራት የሚያመለክተው 916 እና ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያ መቀረጹን እዪ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለያው ግዴታ ነው። «ቢ አይ ኤስ ኬር» በሚለው የስልክ መተግበሪያ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆነሽ ታረጋግጫለሽ። አስጎብኚ ይሄን ሊያረጋግጥልሽ አይችልም፣ ሥራውም አይደለም።

ቅመም ላይ ሁሉን አትሸከሚ። እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዝንጅብል አገር ቤት አለ። ሄል፣ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ግን ያዋጣሉ። አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ኮረሪማ የሚመስል ትልቅ ጥቁር ፍሬ ታያለሽ። ኮረሪማ አይደለም። በእሳት ጭስ የሚደርቅ ሌላ ቅመም ነው፣ ቡና ወይም ወጥ ውስጥ ከከተትሽው ሙሉ ቤቱን ጭስ ጭስ ያሸትተዋል። ሳፍሮን ከመንገድ ሻጭ በፍጹም አትግዢ።

እናትሽን ወደ ድሮዋ ዴልሂ አትውሰጃት። ይሄ ላይ አልደራደርም። ካሪ ባዎሊ የበርበሬው ብናኝ ጤነኛውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ ደረቷ ገና ያልጠገገ ሰው ማሳልና በሕዝብ መገፋት የለባትም። ኅዳር ደግሞ የዴልሂ አየር በዓመቱ ከሚከፋበት ጊዜ አንዱ ነው። አየር እንድታገኝ ከፈለግሽና ሐኪሟ ከፈቀደ፣ ጭጋጉ ቀለል ባለ ቀን ዲሊ ሃት ውሰጃት። በታክሲ ቅርብ ነው። የመግቢያ ትኬት አለው፣ መኪና አይገባበትም፣ መቀመጫ አለ። ከየክልሉ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች የሠሩትን ራሳቸው ይሸጣሉ። ለእሷ ከበቂ በላይ ነው።

ገንዘብሽን ፈቃድ ያለው መንዛሪ ጋ ቀይሪ፣ ደረሰኝ ያዢ። የ2,000 ሩፒ ኖት በ2023 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ ስለተወሰነ ቢሰጡሽ አትቀበይ፤ ትልቁ 500 ነው። አገሬው ሁሉ በስልክ ነው የሚከፍለው፤ አንቺ በጥሬ ገንዘብ ስለምትከፍዪ ዝርዝር ያዢ። ሱቁ «በፖስታ እንልክልሻለን» ቢልሽ እምቢ በይ። የከፈልሽበትን ይዘሽ ውጪ። አብዛኛው ሱቅ ዕቃ ይቀይራል እንጂ ገንዘብ አይመልስም።

ልጁ «ዴልሂ አልተመቸሽም? አግራና ጃይፑር ልውሰድሽ» ማለቱ አይቀርም። ጃይፑር እንደ ከተማ ግሩም ነው። በ1727 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረ ነው፤ ጆሃሪ ባዛር ለጌጥ፣ ባፑ ባዛር ለጨርቅና ለጫማ ይታያሉ። ግን ታማሚ ጥለሽ የምትሄጅበት አይደለም። ስትሄጅም አንድ የቆየ ማጭበርበሪያ አለ። የከበረ ድንጋይ በስምሽ ወደ ውጭ ብታወጪልን እዚያ የሚረከብሽ ሰው እጥፍ ይከፍልሻል ይሉሻል። ለዋስትና ግን ካርድሽን ያስይዙሻል። ድንጋዩ ዋጋ የለውም፣ ተረካቢውም የለም።

በመጨረሻ፣ ዝርዝርሽ ከእህትሽ ሠርግ አልፎ ለሽያጭ የሚሆን ከሆነ ይሄ ሁሉ ምክር አይሠራም። የአስታማሚ ቪዛ የንግድ ቪዛ አይደለም። ቦሌም ለንግድ የሚመስል ብዛት ቀረጥ ይጠየቅበታል። ለሠርጉ ብቻ ከሆነ ግን በዚህ ሳምንት ዋጋ አጥኚና በግማሽ ቀን ጉብኝቱ ውጪ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግዢ። የሚሰፋ ነገር ካለ ላጅፓት ናጋር ላሉት ሰፊዎች በቶሎ ስጪ። በሠርግ ወቅት ነገ ይደርሳል ያሉት ልብስ ቀናት ሊዘገይ ይችላል፤ ለክተሽ የምታስተካክይበት ጊዜም ያስፈልግሻል።